ከደምቢያ እስከ ሬጅስትራር መስኮት፦ የዩኒቨርሲቲ ለውጥ አገልግሎትን የሚያሻሽለው መቼ ነው?

የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር መስኮት ፊት ተሰልፈው ያውቃሉ? ካወቁ ይህን ጽሑፍ ለምን እንደጻፍኩት ብዙ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ካላወቁም ችግር የለም፤ የኔን ልንገርዎት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አስፈልጎኝ ወደ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ከመስኮቱ በላይ የተቋሙ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴቶች በትልቁ ተጽፈዋል። ከጎናቸው የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ ይዘረዝራል። የኔም ጉዳይ በደቂቃ ከሚቆጠሩት አንዱ ነበር። ሦስት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ ኔትወርክ የለም ተባለ። ቀጥሎ ፋይሌ ከድሮው መዝገብ ቤት መፈለግ ነበረበት። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ተሟልቶ የቀረው ፊርማ ብቻ ሆነ፤ ፈራሚው ግን ስብሰባ ላይ ናቸው። የምን ስብሰባ እንደሆነ ብጠይቅ፣ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ፈገግ ብላ «የአገልግሎት አሰጣጥ ማሻሻያ» አለችኝ።

ልብ ይበሉ፤ ይህች ሠራተኛ ሰነፍ አልነበረችም። ምሳዋን ሳትበላ ከፊቷ ያለውን ሰው ስታስተናግድ አይቻለሁ። ተቋሙም ስትራቴጂ አልጎደለውም፤ ግድግዳው ሁሉ ስትራቴጂ ነው። ታዲያ ችግሩ የት ነው? አንድ ዩኒቨርሲቲ «ከእንግዲህ በአዲስ መንገድ እሠራለሁ» ብሎ ሲወስን፣ ያ ውሳኔ መስኮቱ ፊት የቆመው ሰው ጋ የሚደርሰው መቼ ነው? መንገድ ላይ የሚቀረውስ መቼ ነው?

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ስለ ዛሬና ስለ ነገ ስናወራ ነው። እኔ ግን ወደ ኋላ ሰባ ዓመት ልውሰድዎት። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ታሪክ በዚህ ረገድ እንደ ቤተ ሙከራ ነው፤ የተሳካም፣ ግማሽ መንገድ የቀረም ሙከራ አለበት።

አንድ ነገር አስቀድመን እንግባባ። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ስል ሁለት ነገር ማለቴ ነው። አንዱ በግቢው ውስጥ ለተማሪውና ለመምህሩ የሚሰጠው ነው፤ ምዝገባ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ክሊኒክ፣ ሰነድ። ሁለተኛው ከግቢው አጥር ውጭ ላለው ሕዝብ የሚደርሰው ነው፤ ሕክምናው፣ ምርጥ ዘሩ፣ ምክሩ። ሁለቱ የተለያዩ ቢመስሉም የሚሳኩበትም ሆነ የሚከሽፉበት ምክንያት በጣም ይቀራረባል።

ከወረርሽኝ የተወለደ ኮሌጅ

እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ባለው የደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገባ። የሞተው ሰው ቁጥር ወደ 7,000 ይገመታል። በዚያን ጊዜ ሀገሪቱ ውስጥ ሐኪም የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የሕክምና ፋኩልቲ በአዲስ አበባ የተከፈተው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1964 ነው። ያሉት ጥቂት ሐኪሞች በአብዛኛው የውጭ ሀገር ሰዎች ሲሆኑ የሚሠሩትም ከተማ ውስጥ ነበር።

እስቲ ራስዎን በዚያ ዘመን ባለሥልጣን ቦታ ያስቀምጡ። ምን ያደርጋሉ? ቀላሉ መልስ «የሕክምና ትምህርት ቤት እንክፈት» የሚል ነው። ግን አንድ ሐኪም ለማፍራት ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ተመርቆ ሲወጣ ደግሞ ደምቢያ ሄዶ ስለመቀመጡ ዋስትና የለም። እንደ ወባ ያለ በሽታም ቢሆን ሐኪም ብቻውን የሚያሸንፈው አይደለም። ውኃው አለ፣ ትንኙ አለ፣ የቤቱ ሁኔታ አለ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1954፣ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከተባበሩት መንግሥታት የሕጻናት መርጃ ድርጅትና ከአሜሪካ የቴክኒክ ትብብር ጋር ሆኖ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅን ከፈተ። የኮሌጁ ሐሳብ ለዘመኑ እንግዳ ነበር። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ጎን ለጎን ይሠለጥናል። የጤና መኮንኑ ያክማል፣ ቡድኑንም ይመራል። የኅብረተሰብ ነርሷ የእናቶችንና የሕጻናትን ጤና ትይዛለች። የአካባቢ ጤና ባለሙያው፣ ያኔ ሳኒተሪያን ይባል የነበረው፣ ምንጩን፣ መጸዳጃ ቤቱንና የትንኝ መራቢያውን ይከታተላል። ሦስቱ አብረው ተምረው፣ ጤና ጣቢያ ላይ አብረው ተለማምደው፣ እንደ አንድ ቡድን ወደ አውራጃው ይወጣሉ።

ከዚህ ውስጥ ትልቁ ነገር ምንድን ነው ይላሉ? ለኔ የአስተሳሰቡ ቅደም ተከተል ነው። የጎንደር ሥራ የተጀመረው «ምን ዓይነት ኮሌጅ ይኑረን?» ከሚል ጥያቄ አይደለም። «ገጠር ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ማን ማን መኖር አለበት?» ከሚል ጥያቄ ነው። ከመጨረሻው ተነስተው ወደ መጀመሪያው መጡ፤ ትምህርቱን፣ የልምምዱን ቦታ፣ የሚቀበሉትን ተማሪ ሁሉ ከዚያ ቀዱት። ስትራቴጂው የተጻፈው ግድግዳ ላይ ሳይሆን የትምህርት ፕሮግራሙ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

እርግጥ ጎንደርም እንከን አላጣውም። የጤና መኮንኑ ገጠር ወርዶ ብዙ ሰው ያክማል፤ ለራሱ የሙያ እድገት ግን የተዘረጋ ግልጽ መሰላል አልነበረውም። ሐኪም ነው እንዳይባል ሐኪም አይደለም፤ ነርስም አይደለም። ብዙዎች በኋላ ሕክምና ለመማር ትተው ሄዱ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኮሌጁ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ወደ ሕክምና ትምህርት ቤትነት ሲለወጥ የጤና መኮንኖች ሥልጠና ቆመ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ደግሞ እንደገና ተጀመረ፤ ምክንያቱም የገጠሩ ጤና ጣቢያ ጥያቄ አልተመለሰም ነበር። አንድ ነገር ተቋርጦ ተመልሶ የሚጀመረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲቋረጥ ማን እንደሚጎዳ ያልተጠየቀ እንደሆነ ነው።

ሦስት እግር ያለው በርጩማ

አሁን ወደ ምሥራቅ እንሂድ። በ1950 የኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሄንሪ ቤኔት ኢትዮጵያን ጎብኝተው ነበር። በኋላ «ፖይንት ፎር» የተባለውን የአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ፕሮግራም እንዲመሩ ተሾሙ፤ ግን ብዙ ሳይቆዩ በታኅሣሥ 1951 ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ሐሳባቸው አልሞተም። በ1952 ስምምነቱ ተፈረመ፤ የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎችም እዚያው ጅማ ላይ ትምህርት ጀምረው በ1956 ወደ ዓለማያ ተሻገሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ኮሌጁን በይፋ የመረቁት በ1958 ነው።

ከኦክላሆማ የመጣው ገንዘብና መምህር ብቻ አልነበረም፤ አሠራርም ነው። አሜሪካኖች ይህን አሠራር በአንድ ቀን አላገኙትም። በ1862 በወጣው የሞሪል ሕግ ለክፍለ ግዛቶቹ መሬት ተሰጥቶ ኮሌጆች ተቋቋሙ። ኮሌጆቹ ግን የሚያስተምሩት በቂ ዕውቀት እንደሌላቸው ሲታይ በ1887 የሐች ሕግ የምርምር ጣቢያዎችን ጨመረላቸው። ምርምሩ ደግሞ ገበሬው ጋ አልደርስ ሲል በ1914 የስሚዝ ሌቨር ሕግ የኤክስቴንሽን አገልግሎትን አቋቋመ። ማስተማር፣ ምርምርና ኤክስቴንሽን በአንድ ጣሪያ ሥር ለመሰብሰብ ከሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል። እንደ በርጩማ ያስቡት፤ ሦስቱም እግር ካለ ይቆማል።

ዓለማያ ሦስቱንም እግር ይዞ ነበር የተነሳው። ማስተማሩ አለ፤ የደብረ ዘይት የምርምር ጣቢያ በሥሩ ነው፤ የሀገሪቱ የእርሻ ኤክስቴንሽን ሥራም ሲጀመር የኮሌጁ ነበር። አስቡት፤ መምህሩ ክፍል ውስጥ የሚናገረውን ማሳ ላይ ይሞክረዋል፣ ከገበሬው የሰማውን ጥያቄ ይዞ ደግሞ ወደ ክፍል ይመለሳል።

ከዚያስ? በ1963 ኤክስቴንሽኑ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በ1966 ሀገራዊ ምርምርን የሚመራ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ለብቻው ተቋቋመ። ለሁለቱም ውሳኔ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ አንድ ኮሌጅ ሀገር ሙሉ ገበሬ ጋ ሊደርስ አይችልም፣ ሚኒስቴሩ ግን በየአውራጃው ቢሮ አለው። ይሁንና በርጩማው ሲከፋፈል እግሮቹ በሦስት ቤት ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በሀገራችን «ምርምሩ ገበሬው ጋ አልደረሰም»፣ «የገበሬው ችግር ተመራማሪው ጋ አልደረሰም» የሚለውን ወቀሳ ስንት ጊዜ ሰምተናል? ይህ ወቀሳ የሰዎች ስንፍና ብቻ የወለደው አይደለም። ጥያቄና መልስ የሚገናኙበት መንገድ መዋቅር ሲለወጥ ረዝሟል።

ለነገሩ አንዱ እግር እንኳ በደንብ ሲተከል ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ታሪክም ከዚያው ግቢ አለን። ዓለማያ የማሽላ ምርምር ማዕከል ሆነ። በጅማው የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያለፉት ገቢሳ ኤጄታ በ1973 ከዓለማያ ተመረቁ፤ በማሽላ ምርምር ላይ ቀጥለው አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ደረሱ። ድርቅ የሚቋቋምና የአቀንጭራ አረምን የሚከላከል ማሽላ በማውጣታቸውም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ከገጠር መንደር የተነሳ አንድ ተማሪ እዚህ የደረሰው በችሎታው ነው፤ መንገዱ ግን አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ኮሌጅና ምርምር ተያይዘው ስለጠበቁት ነው የተገኘው።

አንድ ዓመት ገጠር

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1961 ሲመሠረት ንጉሡ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1964፣ ዩኒቨርሲቲው ሌላ አዲስ ነገር ጀመረ፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ የትምህርት ዘመን ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያገለግላል። አብዛኞቹ የተመደቡት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስተማር ነው፤ የመምህር እጥረቱ የከፋ ነበርና።

እዚህ ላይ ዘዴውን ይመልከቱ። ዩኒቨርሲቲው «ተማሪዎቻችን ሕዝብን የማገልገል መንፈስ እንዲኖራቸው እናደርጋለን» ብሎ ብቻ አልተወውም። አገልግሎቱን የዲግሪው መስፈርት አደረገው። ካላገለገልክ አትመረቅም፤ በቃ። ሰው ደስ ሲለው የሚሠራው ሳይሆን ሥርዓቱ ውስጥ የተሰፋ ነገር ሆነ። በዚህም ምክንያት በየጠቅላይ ግዛቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስተማራቸው።

ሌላም ውጤት ነበረው፤ ዕቅድ ላይ ያልተጻፈ። የከተማው ልጅ ገጠር ወርዶ የጢሰኛውን ኑሮ በዓይኑ አየ። ተመልሶ ሲመጣ ያየውን አልረሳውም። የታሪክ ምሁራን የ1960ዎቹን የተማሪዎች ንቅናቄ ሲያጠኑ ይህን የገጠር ዓመት ከሚጠቅሷቸው ነገሮች አንዱ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። አዲስ አሠራር ያሰቡትን ብቻ አያመጣም፤ ያላሰቡትንም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከጀመሩት በኋላ ዓይንዎን ማንሳት የለብዎትም።

ጅማ፣ ለሁለተኛ ጊዜ

በ1983 ጅማ ላይ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲከፈት የጎንደር ሐሳብ በሌላ ልብስ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርት ተባለ። ተማሪው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በየጊዜው ወደ ቀበሌ ይወጣል፤ ቤት ለቤት መረጃ ይሰበስባል፣ የማኅበረሰቡን የጤና ችግር ይለያል፣ ከነዋሪው ጋር ሆኖ መፍትሔ ያቅዳል፣ በሚቀጥለው ዙር ተመልሶ ምን እንደተለወጠ ያያል። ወደ ማብቂያው ላይ ደግሞ የተለያየ ሙያ የሚማሩት በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ላይ ይሠራሉ።

ኢንስቲትዩቱ በ1999 ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ይህ አሠራር አልተጣለም፤ ይባስ ብሎ ከጤና ወደ ሌሎች ትምህርቶች ሰፋ። ለምን ቆየ? ሰዓት ተሰጥቶት ነበር። ማርክ ተይዞለት ነበር። መኪናና በጀት ተመድቦለት ነበር። ማለትም አንድ ዲን ሲሄድና ሌላ ዲን ሲመጣ የሚጠፋ ነገር አልነበረም።

የፎርድ ሒሳብ ክፍል ወደ እኛ ሲመጣ

አሁን ወደ መስኮቱ እንቅረብ። በ1990 ማይክል ሐመር የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ዋና ምሳሌው የፎርድ መኪና ኩባንያ ነበር። በሰሜን አሜሪካ የፎርድ ክፍያ ክፍል ከ500 በላይ ሠራተኛ ነበረው። ፎርድ ኮምፒውተር አስገብቶ የተወሰነውን ለመቀነስ እያሰበ ሳለ የጃፓኑ ማዝዳ ይህንኑ ሥራ በ5 ሰው እንደሚሠራ አየ። ማዝዳ ትንሽ ኩባንያ ቢሆንም ልዩነቱ በትንሽነት ብቻ የሚመጣ አልነበረም።

ምስጢሩ ምን ነበር? የፎርድ ሠራተኞች ጊዜያቸውን የሚያጠፉት የግዢ ትዕዛዙን፣ የዕቃ መረከቢያውንና የሻጩን ደረሰኝ ሲያስተያዩ ነው፤ አንዱ ከሌላው ካልገጠመ ምርመራ ይጀመራል። ፎርድ ማስተያየቱን አላፋጠነውም። ደረሰኙን ራሱን አስቀረው። ዕቃው ሲደርስ መጋዘን ላይ ያለው ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ትዕዛዙን ያያል፤ ከገጠመ ይረከባል፣ ክፍያውም በዚያው ይሄዳል። የሠራተኛው ቁጥር በ75 በመቶ ቀነሰ። የሐመር ትምህርት አጭር ነው፤ የማያስፈልገውን ሥራ በኮምፒውተር አታፋጥን፣ አስወግደው።

ይህ ሐሳብ በኢትዮጵያ «መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ» ተብሎ፣ በአጭሩ ቢፒአር፣ በ2000ዎቹ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ገባ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተራቸው ደረሰ። በአንዳንድ ቦታ ሠርቷል። ንግድ ፈቃድ ለማውጣት የሚወስደው ጊዜ በጣም ማጠሩ ብዙ ጊዜ በምሳሌነት ይነሳል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የስም ለውጡን ነው፤ ክፍሉ «የሥራ ሂደት» ሆነ፣ ኃላፊው «የሂደት ባለቤት» ተባለ። ከዚያ ሚዛናዊ የውጤት ምዘና መጣ። ከዚያ የለውጥ ሠራዊትና አንድ ለአምስት መጣ። ከዚያ ካይዘን መጣ። እያንዳንዱ የራሱ ሥልጠና፣ የራሱ ቅጽ፣ የራሱ ሪፖርት ነበረው። አንዱ ሥር ሳይሰድ ሌላው ሲተከል አይተናል።

የኔን ሦስት ቀን በዚህ መነጽር እንመርምረው። ትራንስክሪፕቱን ለማዘጋጀት የወሰደው ትክክለኛ ሥራ ሲደመር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረው በሙሉ ጥበቃ ነበር፤ ኔትወርክ መጠበቅ፣ ፋይል መጠበቅ፣ ፈራሚ መጠበቅ። ሠራተኛዋን አሠልጥነን ሁለት እጥፍ ፈጣን ብናደርጋት አሥር ደቂቃ እናተርፋለን። ሦስቱ ቀን ግን አይነካም። ፊርማው ለሌላ ሰው በውክልና ቢሰጥ ወይም ቢቀር አንድ ቀን ሙሉ ይተርፋል።

የወረፋ ሳይንስም የሚለው ይህንኑ ነው። ጆን ሊትል የተባለው ምሁር በ1961 ያረጋገጠው ቀላል ሕግ አለ፤ በአንድ ቦታ ያለው ሰው ብዛት በአማካይ፣ በሰዓት የሚመጣው ሰው ቁጥር በሚቆይበት ሰዓት ሲባዛ ነው። በሰዓት 20 ሰው ቢመጣና እያንዳንዱ 3 ሰዓት ቢቆይ ኮሪደሩ ላይ ሁሌም 60 ሰው ያገኛሉ። ወንበር መጨመር ወረፋውን ምቹ ያደርገዋል እንጂ አያሳጥረውም። የሚያሳጥረው የሚቆዩበትን ጊዜ መቀነስ ነው።

ታዲያ ፊርማው ለምን አልቀረም? ይህ የድፍረት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሥልጣን ጉዳይ ነው። ፎርድ ደረሰኙን ሲያስቀር የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። የኛ ዩኒቨርሲቲ ግን የግዢ ደንቡ፣ የሠራተኛ መደቡና የደመወዝ እርከኑ፣ የበጀት ርዕሱ ከግቢው ውጭ የሚወሰን ነው። የሰነድ ማጭበርበርን የፈራ አሠራርም በፊርማ ላይ ፊርማ ይጨምራል። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ፍጥነት ተጠየቀች፤ የመወሰን መብት ግን አልተሰጣትም።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዛት። እስከ 1990ዎቹ ድረስ ሀገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ነው። ይህ በራሱ ትልቅ የአገልግሎት ለውጥ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የማየት ዕድል ያልነበረው አካባቢ ልጅ ዛሬ ተመዝግቦ ይማራል። ይህን አቅልለን ማየት የለብንም። ነገር ግን አዲሱ አሠራር የገባው ተማሪው በየዓመቱ እየበዛ ባለበት ወቅት በመሆኑ፣ የተገኘችው ትንሽ ፍጥነት በብዛቱ ተበላች። ውኃ በሚያፈስ እንስራ እንደ መቅዳት ነው።

ለሚቀጥለው ስትራቴጂ አራት ጥያቄ

ለውጡ አሁንም አላቆመም። በ2020 የዲጂታል ኢትዮጵያ ስትራቴጂ ጸደቀ። ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር፣ የአፕላይድና የኮምፕሬሄንሲቭ ተብለው በተልዕኮ ተለይተዋል። በ2023 የመውጫ ፈተና በሀገር ደረጃ መሰጠት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ለመሆን መንገዱን ጀመረ። ራስ ገዝነት ከላይ ያነሳሁትን የሥልጣን ጥያቄ በቀጥታ የሚነካ ስለሆነ ተስፋ አለበት። ሥልጣኑ ከሚኒስቴር ወደ ፕሬዚዳንት ቢሮ ወርዶ እዚያው ከቆመ ግን መስኮቱ ጋ የሚደርስ ነገር አይኖርም።

እርስዎ ተማሪ፣ መምህር፣ ሠራተኛ ወይም ልጅዎን ዩኒቨርሲቲ የላኩ ወላጅ ይሆናሉ። በሚቀጥለው ጊዜ «አዲስ ስትራቴጂ» ሲባል ሲሰሙ ከታሪካችን የተቀዱትን እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይጠይቁ።

አንደኛ፣ ከማን ነው የተነሳው? ጎንደር ከጤና ጣቢያው ተነሳ። አዲሱ ዕቅድ ከተገልጋዩ ተነስቷል ወይስ ከሥልጠና ሰነዱ?

ሁለተኛ፣ ምን ያስቀራል? ቅጽ፣ ፊርማ ወይም ምልልስ የማያስቀር ዕቅድ የሚጨምረው ሥራ ነው። ወረቀቱን እንዳለ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ዲጂታል ወረፋ ይሰጠናል እንጂ ወረፋን አያጠፋም።

ሦስተኛ፣ የት ተሰፍቷል? የ1964ቱ አገልግሎት ዲግሪው ውስጥ፣ የጅማው ደግሞ በሰዓትና በበጀት ውስጥ ተሰፍቶ ነበር። በአንድ ኃላፊ ፍላጎት ላይ የቆመ ለውጥ ኃላፊው ሲነሳ አብሮ ይነሳል።

አራተኛ፣ ሠሪዎቹ ምን ያገኛሉ? የጤና መኮንኖቹ ታሪክ የሚያስተምረን ይህን ነው። አገልግሎቱን የሚሸከመው ሰው የራሱ የእድገት መንገድ ከሌለው፣ ዕቅዱ ምንም ቢያምር ሰዎቹ አንድ በአንድ ይሄዳሉ።

በመጨረሻ ትራንስክሪፕቴን አገኘሁ። ፈራሚው ከስብሰባ ተመልሰው ፈረሙልኝ፤ ስለ መዘግየቱም ከልባቸው ይቅርታ ጠየቁ። ስወጣ ከኋላዬ የነበረችው ልጅ ወደ መስኮቱ ቀረበች። ከሩቅ ክፍለ ሀገር በሌሊት አውቶቡስ እንደመጣች፣ ለሥራ ፈተና የሚያስገባት ሰነድ እስከ ማግስቱ ካልደረሰ ዕድሉ እንደሚያልፍባት ወረፋ ላይ ነግራኝ ነበር። ፈራሚው ግን ለከሰዓቱ ስብሰባ እንደገና ወጡ። የልጅቷን መጨረሻ አላወቅሁም። ስለ ዩኒቨርሲቲ ስትራቴጂ ባነበብኩ ቁጥር ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህ ዕቅድ ለእሷ ምን ያደርግላት ነበር ብዬ ነው።